የዲኤክስ የሙቀት ጌጅ ማታ ማታ ቀይ ይገባል፣ ሞተሩ ግን አልፈላም

ባለ ዲኤክስ (ሱሉልታ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ፣ ባለ ካርቡሬተር። ሥራዬ ፒያሳ ነው፣ ቤቴ ሱሉልታ። ስለዚህ ማታ ማታ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት መውጣት ግድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ የሙቀት ጌጁ ቀስት መሐል ላይ ቁጭ ይላል። ማታ ስመለስ ግን ድል በር አካባቢ ዳገቱ ሲጠና ቀስ እያለ ይወጣና ቀዩ ጋ ይደርሳል። ጥግ ይዤ ኮፈኑን ስከፍት ምንም የለም። እንፋሎት የለም። የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ መያዣ ውስጥ ያለው ውሃ ከመስመሩ አልተነቃነቀም። ጉልበቷም አልቀነሰም።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ሳይነኳት «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይጣመም አይቀርም፣ እናውርደው» አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ጌጁ ነው፣ ቀይረው» አለኝ። ቴስታታ ማውረድ በዚህ ኑሮ ቀላል ወጪ አይደለም። ጌጁን ዋሽቷል ብዬ ነድቼ ሞተሬን ማቃጠልም አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

ሞተር ብቻ (ዓለም ገና) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ አትጨነቅ። ቴርሞስታቱን፣ ያንን ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን፣ አውጥተህ ጣለው። እዚህ አገር ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? እኔ ካወጣሁት ቆየሁ፣ ቀስቱ ከታች ተነስቶ አያውቅም።

የሽቦ ሰው (ጎሮ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ልጄ፣ መጀመሪያ ቴስታታውን እንዳታስወርድ። ወረደ ማለት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አዲስ፣ የብረቱ መላጫ፣ የእጅ ዋጋ፣ ሁሉም ይከተላል። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ቴስታታው ወርዶ፣ ተገጥሞ፣ ቀስቱ ያው ቀይ ላይ ሆኖ እኔ ጋ የመጣ መኪና ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን የጻፍከውን ደግመህ አንብበው። ጠዋት ደህና፣ ማታ ቀይ። አንተ ልዩነቱን ዳገት ነው ብለሃል። ጠዋት ትወርዳለህ፣ ማታ ትወጣለህ፣ እሱ ልክ ነው። ግን ሌላም ልዩነት አለ። ማታ መብራት ታበራለህ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ስለሚመጡ አንዱን ከሌላው ሳትለይ ምንም አትግዛ።

ነገ ማታ ግቢህ ውስጥ ሞተሩን አስነስተህ ቀስቱ መሐል እስኪደርስ ጠብቅ። መኪናዋ ቆማ የፊት መብራቱን አብራ። ቀስቱ ከተነሳ ዳገቱ ነፃ ነው። እሱን ስታይ የነዳጁንም ጌጅ አብረህ እይልኝ። ምክንያቱን ውጤቱን ስትነግረኝ እነግርሃለሁ።

የሴንሰሩን መስመር ደግሞ እንዲህ ትፈትሻለህ። የዚህ ዘመን የጌጅ ሴንሰር ባለ አንድ ሽቦ ነው። ሌላኛው ጫፉ ራሱ ሞተሩ ነው፤ በጥርሱ በኩል ማሳ (ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መንገድ) ያገኛል። ቀዝቃዛ ሲሆን ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ሬዚስታንሱ በወረደ ቁጥር በጌጁ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ይጨምራል፣ ቀስቱም ይወጣል። ስለዚህ ቁልፉን አዙረህ ሞተር ሳታስነሳ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀል። ቀስቱ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ነክቷል፣ ወይም ጌጁ ራሱ ታሟል። ከወረደ ደግሞ የተነቀለውን ሽቦ በትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል፣ ባለ 3.4 ዋቱን ማለቴ ነው፣ አሳልፈህ የሞተሩን ብረት አስነካው። አምፖሉ ይበራል፣ ቀስቱም ይነሳል። ሁለቱ ከሆኑ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ዓይንህን ወደ ሴንሰሩ መልስ። ያለ አምፖል ብረት ላይ ለጥፈህ አትቆይ፤ የጌጁ ውስጥ ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።

ባለ ዲኤክስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነዳጁን ጌጅ ከቁብም አልቆጠርኩትም ነበር። ነገ አይቼ እጽፍልዎታለሁ።

የጣፎ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ መኪናዬም አሮጌ ናት። ስለ ቴርሞስታቱ የተባለው ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ቴርሞስታቱ ሲወጣ ቀስቱ ታች የሚቀረው ችግሩ ስለተፈታ አይደለም። ሞተሩ መሞቅ የሚገባውን ያህል ስላልሞቀ ነው። የሱሉልታ ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ብርድ ላይ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ሌላም ጉዳት አለው። ቀስቱ ሁልጊዜ ታች ከሆነ፣ ሞተሩ በእውነት መሞቅ ሲጀምር ቀስቱ መሐል ይደርሳል። መሐሉን ያየ ሹፌር ደግሞ ደህና ነው ብሎ ይነዳል።

እኛ አገር የሚረሳ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሱሉልታ ከፍታዋ ስለሚበልጥ እዚያ መፍያው ከዚህም ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ የድሮ ቶዮታ ቴርሞስታቶች ደግሞ መከፈት የሚጀምሩት 82 ዲግሪ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ያንን ክፍተት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፎ ታዩታላችሁ፣ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ያ ክዳን በደንብ ከያዘ ግፊቱ የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ እዚህም ከ110 ዲግሪ በላይ ማለት ነው። ጎማው ከደረቀና ካልያዘ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ ይንተከተካል። በዚያ ሰዓት ቀስቱ ከመሐል ብዙም አልራቀ ይሆናል። «ጌጁ ሳይናገር ውሃው ፈላብኝ» የሚሉ ሰዎች ጌጃቸው ልክ ሆኖ ክዳናቸው የሞተባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ባለ ዲኤክስ፣ የአንተ ተቃራኒው ነው። ቀስቱ ይጮኻል፣ ውሃው ዝም ብሏል። ቢሆንም ክዳኑን እየው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈተው፣ ጠዋት ይሻላል።

ሞተር ብቻ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እህቴ ስለ ነዳጁ እውነትሽን ነው፣ የእኔ ትበላለች። ግን ቴርሞስታት ተዘግቶ ቀርቶ ሞተር የተቃጠለበት ሰውም አውቃለሁ። ሲገዛ እንኳ ደህናውን ከመጥፎው በምን እንለያለን?

የጣፎ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡55

በድስት። በክር አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ቴርሞሜትር አስገባ። 82 አካባቢ አፉን መክፈት ሲጀምር ታያለህ። ግን ተጠንቀቅ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲደርስ ነው፣ የእኛ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም። ስለዚህ ግማሽ ተከፍቶ ከቆመ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትጥለው። መክፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ መዝጋቱን ካየህ በቂ ነው።

አይሱዙ (ሰበታ) | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ የጭነት ሹፌር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ለሁላችሁም። ቀይ የገባ ቀስት ያስፈራል፣ ግን ከሱ የሚብሰው ወጥቶ ወጥቶ ድንገት ወደ ታች የሚወርድ ቀስት ነው። ሰው «ተመስገን ቀዘቀዘ» ይላል። አልቀዘቀዘም። ውሃው ስላለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ቀርቷል። ሴንሰር የሚለካው የነካውን ነው። ውሃ ካልነካው የሞተሩን ሙቀት በትክክል አይነግርህም። እንዲህ ያያችሁ ወዲያው አቁሙ፣ አጥፉ። በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፣ ቴስታታው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ክዳኑንም አትንኩ። የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ፣ አይረሳኝም።

ባለ ዲኤክስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ አደረግኩት። ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ሞተር እየሠራ፣ ቀስቱ መሐል። የነዳጁ ሩብ ላይ ነበር። የፊት መብራት አበራሁ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሙቀቱ ቀስት መነሳት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። የነዳጁን ሳየው እሱም ወደ ግማሽ እየሄደ ነው! ነዳጅ ሳልቀዳ። መብራቱን ሳጠፋ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ደግሜ አበራሁ፣ ያው ሆነ።

የሴንሰሩን ሽቦም እንዳሉኝ ነቀልኩት፣ ቀስቱ ወደቀ። በአምፖል ብረት ሳስነካው ተነሳ።

የሽቦ ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጎበዝ። አሁን በሽታው ተገኝቷል፤ የቀረን ቦታው ነው።

የድሮ መኪና ጌጅ በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት አይበላም። ከመሐል አንድ ትንሽ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አለ፣ እየቆራረጠ ወደ 7 ቮልት የሚጠጋ የሚሰጥ። በብዙዎቹ ከነዳጅ ጌጁ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ሙቀቱም ነዳጁም ከሱ ይካፈላሉ። መቆጣጠሪያው ሥራውን እንዲሠራ ማሳ ይፈልጋል። ማሳው ከላላ ወይም ከዛገ መቁረጡን ይተውና ለጌጆቹ ከሚገባቸው በላይ ይለቅላቸዋል። ያኔ ሁለቱም ቀስቶች ይነሳሉ። የዳሽቦርዱ መብራቶችም በዚያው በታመመ ማሳ በኩል ነው የሚመለሱት። መብራት ስታበራ ጭነቱ ይጨምራል፣ ማሳው ይዳከማል፣ ጌጁ ይዋሻል። ለዚህ ነው የነዳጁን እይልኝ ያልኩህ። ሙቀቱ ብቻውን ቢነሳ ኖሮ ወደ ሴንሰሩ ወይም ወደ ሞተሩ እንሄድ ነበር። ሁለቱ አብረው ከተነሱ ሞተሩን ተወው፣ ከጌጆቹ ኋላ ሂድ።

ቴስተር ካለህ ማረጋገጫው ይህ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የዳሽቦርዱ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ። መብራት አብራ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ማንበብ አለበት። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካየህ ማሳው ታሟል። ቴስተር ከሌለህ አንድ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ስበህ የዳሽቦርዱን ማሳ አስነካው። ቀስቶቹ ከወረዱ አለቀ።

የጌጆቹን ሰሌዳ ከመፍታትህ በፊት ባትሪውን ንቀል። ሰሌዳው ኋላ ያለው ፕላስቲክ ላይ የታተመ የመዳብ መስመር ነው፣ ጥፍር እንኳ ይቧጭረዋል። ከጌጁ ኋላ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖችም ጠበቅ አድርግ፣ ግን አታንቃቸው።

ባለ ቪትዝ (ቱሉ ዲምቱ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እያነበብኩ ተማርኩ። የእኔ ቪትዝ ቀስት የላትም፣ ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ስትሞቅ ቀይ፣ በቃ። እኔ እንዴት ነው አስቀድሜ የማውቀው?

የጣፎ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ሰክተህ በስልክህ ዲግሪውን በቁጥር ታየዋለህ። ለአሮጌዎቹ ያ መሰኪያ የለም። ለነሱ በጨረር የሚለካ የእጅ ቴርሞሜትር አለ። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ አነጣጥረው። ግን የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ ካነጣጠርከው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ቁራሽ ለጥፈህ እሱ ላይ ለካ። ሞተሩ እየሠራ እጅህንና ልብስህን ከቺንጋው አርቅ።

ባለ ዲኤክስ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

ዛሬ ጊዜ አግኝቼ ሰሌዳውን ፈታሁት። ከዳሽቦርዱ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ሽቦ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ሆኗል፣ እንደ ሻጋታ። ብሎኑ በእጅ ይዞራል። ከሥሩ ደግሞ ቀለም አለ። መኪናዋ ከዓመታት በፊት ስትቀባ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረት አብረው ቀብተውታል፣ ብሎኑም መልሶ ቀለሙ ላይ ታስሯል። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት። ቀለበቱን ቀየርኩ። አንድ ተጨማሪ ሽቦም ከሰሌዳው ወደ ሌላ ንጹሕ ብሎን ጎተትኩ።

መብራት አበራሁ። ሁለቱም ቀስቶች አልተነቃነቁም። የነዳጁ ሩብ ከሆነ ሩብ ነው። ጋሼ፣ ቴስታታዬን አተረፉልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

የሽቦ ሰው | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡00

አሜን። ብሎኑን ካሰርክ በኋላ ላዩን ትንሽ ግሪስ ቀባው፣ እርጥበት እንዳይገባ። ሱሉልታ ክረምቱ ከባድ ነው። አሁን ደግሞ ዳገቱን በመብራት ውጣና ንገረኝ። ማሳው ተስተካክሎም ቀስቱ ከተነሳ፣ ያኔ የሚናገረው እውነት ነው።

ባለ ዲኤክስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ወጣሁ። ቀይ የለም። ግን ዳገቱ መጨረሻ ላይ ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ተመለሰ። ጠዋት ክዳኑን ከፈትኩ። የታችኛው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። መምህርት፣ የነገርሽኝ ልክ ነበር። የት ነው ደህናው የሚገኘው? 1.1 የተጻፈበት አይቼ ነበር፣ እሱ አይሻልም?

የመርካቶ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

1.1 አትውሰድ። ራዲያተርህ አሮጌ ነው፣ ግፊት ስትጨምርበት በስፌቱ ያፈሳል፣ የማሞቂያው ቱቦም ይተነፍሳል። 0.9 ውሰድ። ሶማሌ ተራ ብትመጣ ይገኛል። የድሮውን ይዘህ ና፣ ከአፉ እስከ ጎማው ያለውን ርዝመት አስተያይ። አጭር ከሆነ ታስሮም አይይዝም። የመሐሏን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርጋት፣ ስትለቃት መመለስ አለባት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትርፉን ውሃ መልሳ የምታስገባው እሷ ናት።

ሴንሰር የምትገዙም ስሙ። ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ አትውሰዱ። መልኩ አንድ ሆኖ ሬዚስታንሱ የሚለይ ብዙ አለ። የድሮው ካልሞተ ሁለቱን አንድ የሞቀ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ በቴስተር አስተያዩ፣ ቁጥራቸው መቀራረብ አለበት። ስትገጥሙት ነጩን የቧንቧ ቴፕ አታብዙበት። ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ነው፣ በቴፕ ከሸፈናችሁት ቀስቱ ዝቅ ብሎ ያነባል።

ባለ ዲኤክስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

0.9 እገዛለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ላዳ (ቡራዩ) | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይቅርታ በሰው ክር ልግባ። የእኔ ላዳ ተቃራኒ ናት፣ ቀስቱ ከታች አይነሳም። ቴርሞስታት አላት፣ ሞተሩም ይሞቃል፣ በእጄ አውቀዋለሁ። የላይኛው ቱቦ አይጨበጥም።

የሽቦ ሰው | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

ሌሎቹ ጌጆች ይሠራሉ? እነሱም ከሞቱ ፊውዙን እይ፣ በላዳ ፊውዙ ሳይቃጠል እግሩ ብቻ ይዝግና ያቋርጣል፣ ነቅለህ ጠርገህ መልሰው። የሚሠሩ ከሆነ ቴስታታው ላይ ያለውን የሴንሰር ሽቦ ንቀልና በአምፖል ብረት አስነካው። ቀስቱ ከተነሳ ሴንሰሩን ቀይር። ካልተነሳ ሽቦው ከሞተሩ ወደ ዳሽቦርዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ጀምር። እስኪሠራልህ ድረስ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ሳታይ አትውጣ።

ላዳ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

የነዳጁ ይሠራል። አምፖሉ በራ፣ ቀስቱም ተነሳ። ሴንሰር ፍለጋ ቅዳሜ መርካቶ ነኝ፣ የድሮውን ይዤ።